የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳት አስቀድሞ ይታቀድ

ለሒሳብና ለመዝገብ ሥራ የምንገለገልባቸው ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ጊዜው በተወሰነ ውል የሚሰጡ ናቸው፤ ለምሳሌ የማይክሮሶፍት የድርጅት ስምምነት የሚጸናው ለ3 ዓመት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋው በዶላር ለተተመነ ፈቃድ ያለፈው ዓመት በጀት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ውሉ ከማብቃቱ 6 ወር አስቀድመው ሦስት ተግባራትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ተጠቃሚዎችን መቁጠር፤ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ካልተሰረዘ ክፍያው ይቀጥላልና። ሁለተኛ፣ የውሉን ማብቂያ ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ በዓመታዊው ዕቅድ ማስፈር። ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ቢቋረጥ መዝገቡ አብሮ እንዳይዘጋ፣ የምእመናንን መዝገብና የሒሳብ ሰነዶችን ቅጂ ለይቶ ማስቀመጥ።

በጥድፊያ የሚፈረም ውል የሚከፈለው ከምእመናን አሥራት ነውና አደራውን በጊዜው እንወጣ።