የሕፃናት የሳይነስ ሕመም፦ በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ እና ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሳይነስ በጉንጭ፣ በግንባርና በዓይኖች መካከል ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ፣ አየር የያዘ ክፍተት ነው። የክፍተቶቹ ውስጠኛ ሽፋን የሚያመነጨው እርጥበት በጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ወይም አለርጂ ሲነሣበት ሽፋኑ ያብጣል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ፈሳሹም በውስጡ ይጠራቀማል። የሳይነስ ሕመም የሚባለው ይህ ሁኔታ ነው።

የሕመሙ መንስኤ በአብዛኛው ቫይረስ ሲሆን ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ያለ ልዩ መድኃኒት እየተሻለ ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አያጠፋም። ስለዚህ የወላጆችና የአሳዳጊዎች ድርሻ የልጁን ስቃይ ማስታገስ፣ ጉዳት ከሚያስከትሉ ልማዶች መጠበቅ እና ሕመሙ ሲበረታ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ምልክቶቹ

ትናንሽ ልጆች የሚያማቸውን ቦታ መናገር ስለማይችሉ ሕመሙ የሚታወቀው በሁኔታቸው ነው። አፍንጫቸው ይታፈናል፤ ንፍጥ ይበዛባቸዋል፤ በተለይ ሌሊት ያስላቸዋል፤ ትንፋሻቸው ጠረን ይኖረዋል፤ የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ይነጫነጫሉ። ከፍ ያሉ ልጆች ደግሞ ፊታቸውን ወይም ራሳቸውን እንደሚያማቸው ይናገራሉ። የንፍጡ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ መለወጥ ብቻውን አንቲባዮቲክ እንደሚያስፈልግ አያመለክትም፤ በተራ ጉንፋንም ይታያል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

የጨው ውኃ፦ የተደፈነን አፍንጫ ለመክፈት ቀላሉና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ዘዴ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ማፍላት ያስፈልጋል። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ግን ለ3 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። ከዚያም ከማንኪያው ጠርዝ ያላለፈ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕና የደቀቀ ጨው ጨምሮ ማሟሟትና ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ ነው። ጨዋማነቱ የእንባን ያህል ሊሆን ይገባል። ልጁ ጡት ከመጥባቱ ወይም ከመመገቡ እንዲሁም ከመተኛቱ በፊት በንጹሕ ማንጠብጠቢያ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ 2 ወይም 3 ጠብታ ማድረግ፣ ጥቂት ቆይቶም ንፍጡን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የተረፈው በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ይደፋል።

ፈሳሽ፦ ፈሳሽ ማግኘት ንፍጡን ያቀጥነዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ጡት ቶሎ ቶሎ ይጠባል እንጂ ሌላ ፈሳሽ አይሰጠውም። ከዚያ በላይ ለሆኑት ውኃ፣ ሾርባና አጥሚት ተስማሚ ናቸው። ማር ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ትኩሳትና ሕመም፦ ፓራሲታሞል የሚሰጠው በልጁ ክብደት ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ሊኖር ይገባል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። የሽሮፕ ዓይነቶች ጥንካሬ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብና አብሮ በሚመጣው መለኪያ መስፈር ይገባል። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም።

የቤት አየር፦ የማገዶ፣ የከሰል፣ የዕጣንና የሲጋራ ጭስ የአፍንጫን ሽፋን ያስቆጣል። ልጁ ጭስ በሌለበትና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ሊተኛ ይገባል።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

በፈላ ውኃ ላይ ልጅን ሸፍኖ በባሕር ዛፍ ቅጠል ማጠን ለከባድ ቃጠሎ ያጋልጣል። አፍንጫ ውስጥ ቅቤ ወይም ዘይት ማድረግ ወደ ሳንባ ገብቶ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የዳማከሴ፣ የጤና አዳም ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በአፍንጫ መጭመቅ ሽፋኑን ያቆስላል። እንጥል ማስቆረጥ ሕመሙን አያስታግስም፤ ይልቁንም ለመድማትና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። አፍንጫ የሚከፍቱ የመድኃኒት ጠብታዎችና የጉንፋን ሽሮፖችም ያለ ባለሙያ ምክር ለትናንሽ ልጆች ሊሰጡ አይገባም።

ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ወይም ለሌላ ልጅ የታዘዘ አንቲባዮቲክ መስጠትም ጎጂ ነው። ተሕዋስያን መድኃኒቱን እንዲለምዱ ስለሚያደርግ፣ መድኃኒቱ በእርግጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። በባለሙያ ሲታዘዝ ደግሞ ልጁ ቢሻለውም በታዘዘው መሠረት መጨረስ ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• ሕመሙ ከ10 ቀናት በላይ ሳይሻል ሲቆይ፤
• ልጁ ከተሻለው በኋላ ትኩሳቱ ወይም ሳሉ እንደገና ሲያገረሽ፤
• 39 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከወፍራም ንፍጥ ጋር ሳይበርድ ሲቀጥል፤
• መጥፎ ጠረን ያለው ንፍጥ ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ሲወጣ። ይህ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፤ በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ትኩሳት ያለው ልጅ ሁሉ ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ቀን ሌሊት ሳይባል ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የዓይን ቆብ ወይም የዓይን ዙሪያ እብጠትና መቅላት፣ የዓይን ወደ ውጭ መገፋት፣ የእይታ መዛባት፤
• የግንባር እብጠት፣ ከባድ የራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የአንገት መገተር፤
• መፍዘዝ፣ ለመንቃት መቸገር ወይም የሚጥል እንቅጥቅጥ፤
• ፈጣን አተነፋፈስ፣ የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፤
• ዕድሜው ከ3 ወር በታች በሆነ ሕፃን ላይ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ትኩሳት።

በሳይነስና በዓይን መካከል ያለው አጥንት በጣም ስስ በመሆኑ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን፣ አልፎ አልፎም ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል። ስለሆነም የዓይን እብጠት እስኪነጋ የሚጠበቅ ምልክት አይደለም። ወላጆች ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲሄዱ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የትኩሳቱን መጠንና ለልጁ የተሰጡትን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ባህላዊ የሆኑትን ጨምሮ፣ ለባለሙያው መግለጽ ይኖርባቸዋል።