ከኬንሮኩኤን እስከ ካጋ ፍል ውኃዎች

ከሳይቤሪያ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከምና 2,702 ሜትር ከፍታ ያለውን የሃኩሳን ተራራ ሲገጥም ሸክሙን በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል፤ በዚህም ምክንያት በሆንሹ ደሴት የሚገኘው የኢሺካዋ አውራጃ ውኃ የማይቸግረው አገር ነው። የአውራጃው ታላላቅ መስሕቦችም ከውኃ ተነጥለው ሊታዩ አይችሉም።

በርእሰ ከተማው በካናዛዋ የሚገኘው ኬንሮኩኤን ከጃፓን ሦስት ዕውቅ የአትክልት ስፍራዎች አንዱ ነው። 11.4 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነውን ይህን ስፍራ የካጋ ግዛት ገዢዎች የነበሩት ማኤዳዎች ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን እየተቀባበሉ ያለሙት ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ1874 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ “ስድስቱን ያጣመረ አትክልት” ማለት ነው። ከጥንት የቻይና ጽሑፍ የተወሰደው ይህ አሳብ ስፋትና ጭምትነት፣ የሰው ጥበብና ጥንታዊነት፣ የውኃ ብዛትና ሩቅ የሚያሳይ ከፍታ በአንድ ቦታ እምብዛም እንደማይገናኙ ያስተምራል፤ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳልና፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተንጣለለ ኩሬ ማየት በእርግጥም ብርቅ ነው።

ይህን ብርቅ ነገር ያስገኘው የታትሱሚ ቦይ ነው። በ1631 የካናዛዋ ግንብ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት ኢታያ ሄይሺሮ የተባለ ባለሙያ ከሳይ ወንዝ ላይኛው ክፍል ውኃ ጠልፎ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በተዳፋት እየመራ ወደ ከተማው አመጣው። ዛሬም በአትክልቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚፈናጠር ፏፏቴ አለ፤ ያለ አንዳች ሞተር፣ ከፍ ብሎ ካለው ከካሱሚጋ ኩሬ በሚወርደው ውኃ ግፊት ብቻ 3.5 ሜትር ያህል ይነሣል። ጎብኚ አበባውን አይቶ ይህን ሳያስተውል ቢያልፍ የስፍራውን ልብ ስቶታል ማለት ይቻላል። የአካባቢው በረዶ እርጥብና ከባድ በመሆኑም አትክልተኞች በየዓመቱ ከኖቬምበር ወር መግቢያ ጀምሮ በጥድ ዛፎች አጠገብ ረጃጅም ምሰሶዎችን አቁመው፣ ከጫፋቸው በሚወርዱ ገመዶች ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያንጠለጥላሉ፤ “ዩኪትሱሪ” የሚባለው ይህ ሥራ ዛፉን ከመሰበር ከማዳኑም በላይ የድንኳን ቅርጽ ያለው ውበት ያጎናጽፈዋል።

በአውራጃው ደቡብ በኩል ያማናካ፣ ያማሺሮ፣ ካታያማዙና አዋዙ የተባሉት የካጋ ፍል ውኃዎች ይገኛሉ። ፍል ውኃ በጃፓንኛ “ኦንሰን” ይባላል፤ በ1948 የወጣው ሕግ እንደሚለው፣ ከምድር ሲወጣ ቢያንስ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ወይም የተወሰኑ ማዕድናትን የያዘ ውኃ በዚህ ስም ይጠራል። ባለቅኔው ባሾ በ1689 ባደረገው ረጅም ጉዞ በያማናካ ሰንብቶ ፍል ውኃውን አመስግኗል። እነዚህ መንደሮች የተመሠረቱት “ሶዩ” በሚባለው የጋራ መታጠቢያ ቤት ዙሪያ ሲሆን፣ እንደ አገሩ ልማድ ሰው አስቀድሞ ሰውነቱን ታጥቦ ራቁቱን ወደ ገንዳው ይገባል። በጥንቱ መልክ እንደገና በተሠራው የያማሺሮ አሮጌ ሶዩ ግን ሳሙናም የገላ መታጠቢያ ቧንቧም የለም፤ የሚገባው ሰው በቀለማማ መስኮቶች በሚገባው ብርሃን ሥር ዝም ብሎ ይዘፈዘፋል።