መንግሥታት በሳይበር መስክ የሚፈጽሙት ተግባርና ዓለም አቀፍ ሕግ

በመካነ ሰላምና በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ በየጅረቱ ቁልቁል ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ከዚያም ጉባ ላይ ከተሠራው የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሊይዝ በተቃረበበት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም.፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የሰነዘሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታወቀ። የጥቃቱም ዓላማ በውሃው ሙሌት ሳቢያ በኢትዮጵያ ላይ ጫና መፍጠር እንደ ነበረ ገለጠ። የውሃው ክርክር በዚህ ሁኔታ ወደ ኮምፒዩተር መረብ ተሻገረ። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚዳኝ ሕግ አለን?

በዚህ መስክ ስለ መንግሥታት ተግባር ብቻ የተጻፈ አጠቃላይ ዓለም አቀፍ ውል ባይኖርም፣ ነባሩ ሕግ ይሠራል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተሰየሙ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ አረጋግጠዋል። የድርጅቱ ቻርተር በአንቀጽ 2(4) በኃይል መጠቀምን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ድረ ገጽን ማበላሸት እንደ ጦር ጥቃት ስለማይቆጠር፣ ዋናው ጥያቄ የሉዓላዊነት መደፈር ነው። በዚህ ረገድ አስተያየቱ ይለያያል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን የቻለ የሉዓላዊነት ደንብ በሳይበር መስክ የለም ስትል፣ የአፍሪካ ኅብረት በ2016 ዓ.ም. ባጸደቀው የጋራ አቋም አንድ መንግሥት በሌላው ግዛት ወዳለ የኮምፒዩተር መረብ ያለ ፈቃድ መግባቱ፣ ጉዳት ባያደርስም እንኳ፣ ሕገ ወጥ ነው ብሏል።

ሕጉ ሁለቱንም ወገን ያስራል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ መንግሥት በኮምፒዩተሬ ሰልሎኛል ሲል ከሶ ነበር። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017፣ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት፣ በመንግሥታት ያለመከሰስ መብት መሠረት ክሱን ዘጋው። የተባለው ድርጊት መፈጸም አለመፈጸሙን ግን አልወሰነም።

ከሁሉ የሚከብደው ድርጊቱ የማን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። የግል ቡድን ሥራ በመንግሥት ትእዛዝ ወይም ቁጥጥር መፈጸሙ ካልተረጋገጠ የመንግሥቱ ሥራ አይባልም፤ የቡድኑ መቀመጫ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 በኮርፉ ሰርጥ ጉዳይ እንደ ወሰነው፣ ማንኛውም መንግሥት ግዛቱ የሌሎችን መብት ለመጣስ እንዲውል እያወቀ መፍቀድ የለበትም። የተጠቃው አገር ማስረጃውን ጠብቆ ለዚያ መንግሥት ካሳወቀ በኋላ፣ አላወቅሁም የሚለው መልስ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የሕግና የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ከመከላከያ ተግባሮች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።