አሥራ ሁለተኛዋ ማግኔት

ባለፈው ክረምት የኮሶዬው ቤቴ ሳሎን ወርክሾፕ ሆኖ ከረመ። ወንበር ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ የመዳብ ሽቦ ማንሳት ነበረብኝ።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ኮሶዬን ያውቃታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ያየማ አይረሳትም። ሐምሌና ነሐሴ ግን የሚታይ ነገር የለም። ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ልጅም ሽማግሌም ምድጃ ዳር ይውላል። ጎንደር የሚኖሩት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ወንዱ 14 ዓመቱ ነው፤ እህቱ ገና 3 ዓመቷ።

ልጁ ያን ክረምት ይዞት የመጣው ሻንጣ ውስጥ ልብሱ ጥቂት ነው። የቀረው ከኮምፒውተር ጠጋኞች የለመነው የተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ ነበር። (አዲስ አበባ ቢሆን ምናለሽ ተራ ሄዶ እንደ ልቡ ባገኘ።)

«እማማ፣ በሪሞት የሚሄድ ጀልባ ልሠራ ነው» አለኝ።

«ጀልባ? እዚህ ተራራ ላይ?»

«የከብቶቹ ኩሬ አለ አይደል!»

ሞተር ማስጠቅለል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል ባለቤቱ ጭኖ ከተማ ይወስደዋል፤ ባለሙያው የጠቆረውን ሽቦ ቆርጦ ያወጣና አዲስ ይጠቀልልለታል። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ ሲቋረጥ ሞተሩ በቀሩት በሁለቱ እያቃሰተ መሥራቱን ስለሚቀጥል ነው። ያን ሰሞን መንደሩ እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳል። የልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ሞተር ሲጠቀለል ቆሞ አይቷል፤ ነገሩ ልቡ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። የእሱ ሞተር ግን መዳፍ እንኳ አትሞላም።

የሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ዲስኩን የምታዞር ሞተር አለች። ብሩሽ የላትም። በአሮጌ የአሻንጉሊት መኪና ሞተር ውስጥ ለሚዞረው ሽቦ መብራት የሚያደርሱ፣ እየተፋተጉ የሚያልቁ ትንንሽ ብሩሾች አሉ። በዚህችኛዋ ሽቦው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚዞረው በዙሪያው ያለው ማግኔት ነው። ሽቦው የሚጠቀለልባቸው 9 የብረት ጥርሶች አሏት። አንድ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ በሦስት ገመድ ተራ በተራ መብራት ይልክላቸዋል፤ ማግኔቱም እየተሳበ ይከተላል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ የብዙዎቹ ሞተር በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው የሚዞረው። ልጁ ይህን ሲያስረዳኝ ኒኮላ ቴስላ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ እንደነበርም ነገረኝ። እኔ ቴስላን የማውቀው መኪና ሆኖ ነው።

ፋብሪካው የጠቀለለላት ቀጭን ሽቦ ዲስክ ለማዞር እንጂ ውኃ ለመግፋት አይበቃም። ስለዚህ ያ ይፈታና ወፈር ያለ ሽቦ በጥቂት ዙር ይጠቀለላል። ደካማው ማግኔትም በ12 ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔቶች ይተካል። እነዚህን ማግኔቶች ከመቆጣጠሪያውና ከሪሞቱ ጋር አሜሪካ ያለው አጎቱ በሰው ልኮለታል።

ጥርሶቹን ከ1 እስከ 9 ቁጥር ሰጠናቸው። አንደኛው ሽቦ 1፣ 4 እና 7ን ይጠቀልላል፤ ሁለተኛው 2፣ 5 እና 8ን፤ ሦስተኛው 3፣ 6 እና 9ን። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በየጥርሱ 18 ዙር። ወሬው ቀላል ነው። ሽቦው ግን ከላይ የተቀባው ስስ ቫርኒሽ ነው ከብረቱ የሚለየው፤ ያ ከተላጠ አለቀለት። የመጀመሪያውን ጠቅልለን ስንጨርስ ቴስተሩ ጮኸ። የጥርሱ ጠርዝ ቫርኒሹን ቆርጦት ሾርት አድርጓል። ፈታነው። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስንና የእናቱን የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ለዚህ ሥራ የጥፍር ቀለምን የሚያህል የለም። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሞተሯ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልዞረችም። አንዱን ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠቅልሎታል፤ ሌላው ላይ ደግሞ 17 ዙር ብቻ ነው ያለው። ልጁ ሽቦውን ወርውሮ ወጣ።

ሲመለስ ስለ ኦፕራሲዮን ክፍል አጫወትኩት። ወደ 40 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የታካሚው ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጎዝና መሣሪያ ይቆጠራል፤ ሁለት ሰው፣ ድምፁን አውጥቶ። አንዲት ጎዝ ከጎደለች ሐኪሙ ፕሮፌሰርም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። «እኛም እንደዚያ እንቁጠር» አልኩት። እሱ ጠቀለለ፣ እኔ ቆጠርኩ። ቁስል ሲሰፋ የኖረ እጅ ክር ሳያላላም ሳያጠብቅም መሳብ ስለሚያውቅ፣ ሲደክመው ተቀበልኩት። ሦስተኛው ተሳካ። ጫፎቹን በስታኞ በየድናቸው፤ ሞተሯ ፉጨት እያሰማች ዞረች።

ሽቦውን ስንቆጥር ሰንብተን ማግኔቶቹን ግን አልቆጠርናቸውም።

ማግኔቶቹን ለማጣበቅ ያሰበው በዚያው ምሽት ነው። ሰሐን ላይ ደርድሯቸው ራት በላን። ስንመለስ 11 ናቸው። ትንሿ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች።

«ማግኔት በላሽ?» አላት።

«አዎ።»

ለሁሉም ነገር «አዎ» የምትልበት ዕድሜ ላይ ናት። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ወላጅ አለ። አንዲት ትንሽ ማግኔት ብቻዋን ከተዋጠች ብዙ ጊዜ በራሷ ትወጣለች። ሁለት ከሆኑ፣ ወይም አንዷ ከሌላ ብረት ጋር ከተዋጠች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንጀት እንደምታውቁት የተጠማዘዘ ነው። አንዷ በአንዱ እጥፋት፣ ሌላዋ በሌላው ሆነው ይሳሳባሉ፤ በመካከላቸው የተያዘው የአንጀት ግድግዳ ደም ያጣል፣ ይሞታል፣ ይበሳል። ምልክቱ ሆድ ቁርጠትና ትውከት ነው። እኛ አገር ደግሞ ሆድ ሲቆርጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ «ወስፋት ነው» ተብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጣል። የኮሶ ዛፍ አገር ሰው ነኝ፤ ኮሶ ለኮሶ ትል ያደረገውን አልክድም። ለዚህ ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይሰጥም፤ ለማስመለስ ጉሮሮ ውስጥ ጣት አይከተትም፤ እስቲ እስኪነጋ ተብሎም አይጠበቅም። ቶሎ ራጅ ወዳለበት መሄድ ነው። አንዲት መጉደሏን አይቻለሁ፤ ልጅቷ ከመሬት ያነሳችው ሌላ ብረት መኖር አለመኖሩን ግን በምን አውቄ?

የጎረቤት መኪና ለምነን በጉሙ ውስጥ ጎንደር ወረድን። ልጄ፣ የልጆቹ እናት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ዝምታዋ ከስድብ ይከፋ ነበር፤ ነርስ ነኝ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ከአንገቷ እስከ ሆዷ ራጅ ተነሣች። ምንም የለም። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

በማግሥቱ ኮሶዬ ስንመለስ ማግኔቷ የብረት አልጋዬ እግር ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ማን እንደወሰዳት ግልጽ ነው፤ ወንጀለኛዋ እንቅልፍ ላይ ነበረች።

እናቱ ሁሉም ዕቃ እንዲጣል ፈልጋ ነበር። አልፈረድኩባትም። በስልክ ብዙ ተነጋግረን ተስማማን። ማግኔቶቹ የሚወጡት ትንሿ ስትተኛ ነው። ክዳኑ የሚጠብቅ ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሲወጡም ሲገቡም ሁለት ሰው ይቆጥራቸዋል። የሊትየም ባትሪውም ቻርጅ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ አልጋና ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም፣ ካበጠ ከቤት ይወጣል፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ ሕግ 12ቱን አንዱን በሰሜን አንዱን በደቡብ ጫፉ እያፈራረቅን በኤፖክሲ አጣበቅናቸው። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የጀልባው ገላ ፎምና ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ኩሬው ዳር ወረድን። እረኞቹ ከብቶቻቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ጀልባዋ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ሲያለዋውጣቸው ተስተካከለች። ኩሬውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ሦስተኛው ላይ መሐል ኩሬ ደርሳ ባትሪዋ አለቀ። አንዱ እረኛ ሊገባ ልብሱን ማውለቅ ሲጀምር ከለከልኩት፤ ውኃው በረዶ ነው። ነፋሱ ወደ ዳር እስኪገፋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅን፤ ትንሿ ጀርባዬ ላይ ተኛች።

«እማማ፣ 18 ዙር በዝቷል» አለኝ ልጁ ዓይኑን ከጀልባዋ ሳያነሳ። «14 ብናደርገው ትፈጥናለች።»

«ባትሪውስ?»

«እሱማ ቶሎ ያልቃል። ሽቦውም ይሞቃል።»

የተረፈው ሽቦ ለሌላ ሞተር ስለማይበቃ ጎንደር ስወርድ እንድገዛለት ውፍረቱን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ።