ክራርንና መሰንቆን በማይክሮፎንና በፒካፕ አጣምሮ ስለ መቅረጽ

መርሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ የአምባሰል አገርም ከርሷ የራቀ አይደለም። ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶች፥ ማለት ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ኹለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ስለ ኾኑ፥ የኢትዮጵያን ዜማ የሚያጠና ሰው መቅረጫ ይዞ ወደዚህ አገር መምጣቱ የተገባ ነው። ነገር ግን መቅረጫ የሚሰማው የሰው ጆሮ እንደሚሰማው አይደለም። ስለዚህ ድምፁ በምን መሣሪያና ከየት በኩል እንደሚወሰድ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፁን ባስቀረጸ ጊዜ የነበረው መቅረጫ ኤሌክትሪክ የሌለው፥ ድምፅን በመለከት መሰል አፉ የሚቀበል ነበር። በማይክሮፎን መቅረጽ የተስፋፋው ከ1925 ወዲህ ነው። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ሲቀበል፥ ፒካፕ የተባለው ግን ከዜማ መሣሪያው አካል ንዝረቱን በቀጥታ ይወስዳል። ከፒካፕ ወገን በመግነጢስ የሚሠራው የብረት አውታርን ብቻ ስለሚሰማ፥ የጅማት ወይም የናይለን አውታር ላለው ክራርና የፈረስ ጭራ ለተወጠረበት መሰንቆ አይጠቅምም። ለነዚህ የሚስማማው ፒዬዞ የሚባለው ነው፤ እርሱም የኩሪ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር እ.ኤ.አ. በ1880 በገለጹት ጠባይ፥ ማለት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ በማመንጨታቸው የሚሠራ ነው።

ኹለቱን ማጣመር የሚያስፈልግበት ምክንያት ከአዝማሪው ሥራ የሚመነጭ ነው። አዝማሪ እየመታ ይዘፍናል፤ አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፥ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ፒካፕ ብቻ ቢቀረጽ ግጥሙ፥ ሰጪውና የሕዝቡ ሳቅ ይጠፋሉ፤ የቀረውም ሰው የሌለበት አውታር ይኾናል። በሠርግ ዳስ ውስጥ ማይክሮፎን ብቻ ቢቆም ደግሞ ከበሮውና ጭብጨባው ክራሩን ስለሚውጡት፥ ቅኝቱን ለመመርመር አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ፒካፑን በቆዳው መካከል መለጠፍ አይገባም፤ ክብደቱ የቆዳውን ንዝረት ይለውጣልና። ይልቁንም ቆዳው በሌለበት የገበቴው እንጨት ላይ፥ ጉዳት ሳያደርስ በሚነሣ ማጣበቂያ፥ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማድረግ ይሻላል። በመሰንቆ ላይ ፒካፑ የደጋኑን ፍትጊያ ጭምር አጉልቶ ስለሚያሰማ፥ ቦታውን እየለወጡ መሞከር ተገቢ ነው። ደግሞም ፒዬዞ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ ተቃውሞ ወዳለው መግቢያ መሰካት አለበት፤ ያለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ዋናው ችግር የጊዜ ልዩነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከክራሩ 34 ሴንቲሜትር ቢርቅ፥ ድምፁ ከፒካፑ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። ይህ ጊዜ ለ500 ኸርዝ ድምፅ የአንድ ንዝረት እኩሌታ ስለ ኾነ፥ የአንደኛው ንዝረት ሲወጣ የሌላው ይወርዳል፤ ኹለቱም በእኩል ኀይል ሲደባለቁ ያ ድምፅ ይጠፋል፥ 1500 እና 2500 ኸርዝም እንዲሁ። አጥኚው ይህን ካልተረዳ፥ በማደባለቅ የመጣውን ጉድለት የክራሩ ወይም የመቺው ጠባይ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል።

መድኀኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ኹለቱ ድምፆች በየራሳቸው መሥመር ይቀረጹ፤ ከዜማው በፊት ገበቴው በጣት አንድ ጊዜ ይንኳኳ። በኋላም የማንኳኳቱ ምልክት በኹለቱም መሥመር እኩል እስኪውል ድረስ አንዱን ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ መቅረጫው በ48 ኪሎኸርዝ ከኾነ፥ 1 ሚሊሰከንድ 48 ናሙና ነው። ከዚያ የአንደኛውን አቅጣጫ ገልብጦ መስማትና፥ ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ የሚሰማበትን መምረጥ ነው። ዜማው ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹ አንድ በአንድ ቢመቱ ደግሞ ለቅኝቱ ጥናት ምስክር ይኾናሉ።

የተደባለቀው ለማድመጥ ይጠቅማል፤ በቤተ መዛግብት መቀመጥ የሚገባው ግን ያልተደባለቀው፥ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸው፥ የማይክሮፎኑ ርቀትና የፒካፑ ቦታ ተጽፎለት ነው። አንድ ጊዜ የተደባለቀ ድምፅ ወደ ቀድሞው መለየት አስቸጋሪ ነውና።

በመጨረሻም፥ ዛሬ ብዙ ክራር መቺዎች በመሣሪያቸው ላይ ፒካፕ ገጥመው በድምፅ ማጉያ ይጫወታሉ። ይህን እንደ እንከን ቈጥሮ ማጉያውን የሚያስነቅል አጥኚ፥ ሕዝቡ ያልሰማውን ዜማ ቀርጾ ይመለሳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ አንድ ማይክሮፎን በማጉያው ፊት፥ ሌላው በክራሩ አጠገብ ሊቆም ይገባል፤ መቺው በእጁ የሠራውና አድማጩ በጆሮው የተቀበለው ሳይምታቱ የሚቀመጡት በዚህ መንገድ ነው።