ሰርቨሩ ምን ብሎ መለሰ?

በኮምፒዩተር ክፍላችን አዘውትረን የምንሰማው አቤቱታ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» የሚል ነው። ቀርበን ስንመለከት ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ላይ 404 የሚል ቁጥር እናገኛለን። ቁጥሩ ግን የሚመሰክረው የአቤቱታውን ተቃራኒ ነው፤ ጥያቄያችን ከሰርቨሩ ደርሷል፣ ሰርቨሩም አንብቦ መልሷል። መስመሩ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ራሱ ባልደረሰን ነበር።

ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ሳለ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1991 የተገለጸው የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረውም። ሰነዱ ቢገኝ ጽሑፍ ይላካል፤ ባይገኝም የሚላከው ስሕተቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ሰው አንብቦ ይለየዋል፤ ፕሮግራም ግን ከጽሑፉ ይዘት በቀር መለያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የ1.0 ሰነድ በመልሱ መጀመሪያ ላይ ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ የሚቀመጥበትን ሥርዓት ይዟል።

ዋናው ነገር የመጀመሪያው አኃዝ ነው። 2 ጥያቄው መፈጸሙን፣ 3 ገና ሌላ እርምጃ እንደሚቀር፣ ለምሳሌ ወደ አዲስ አድራሻ መሄድ እንደሚያሻ ይገልጻል። በ4 የሚጀምረው ጉድለቱን ከጠያቂው፣ በ5 የሚጀምረው ከሰርቨሩ ያደርገዋል። በ1 የሚጀምሩት ጊዜያዊ መልሶች ስለሆኑ አንባቢ እምብዛም አያያቸውም።

በ4 የሚጀምሩትን ለመለየት ወደ አንድ መዝገብ ቤት እንሂድ። ሠራተኛው «መጀመሪያ መታወቂያ አሳዩ» ቢለን 401 ነው። «ማንነታችሁን አውቄአለሁ፤ ይህን ፋይል ለማየት ግን አልተፈቀደላችሁም» ቢለን 403 ነው። «እንዲህ ያለ ፋይል አላገኘሁም» 404፣ «ነበረ፤ ተወግዷል፤ አይመለስም» ደግሞ 410 ይሆናል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ምስጢራዊ ፋይል መኖሩ እንኳ እንዳይታወቅበት በ403 ፋንታ 404 ሊል ይችላል፤ ደንቡም ይፈቅድለታል። ስለዚህ 404 ሁልጊዜ «የለም» ማለት ነው ብለን አንደምድም።

በ5 ከሚጀምሩት 500 ያልታሰበ የውስጥ እክልን፣ 503 ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አለመቻልን ያመለክታል። ከፊት የቆመ ሰርቨር ከኋላው ካለው የተበላሸ መልስ ሲቀበል 502፣ ጠብቆ ጠብቆ መልስ ሲያጣ 504 ይልካል። በ503 ጊዜ ቆይቶ መሞከር ተገቢ ነው። 404 ሲመጣ ግን ያንኑ አድራሻ ደጋግሞ ከመጫን ፊደሉን መመርመር ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ውሸተኛው 200 ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን የአየር ሙቀት ልኬቶችን በየሌሊቱ ከአንድ ሰርቨር የሚያወርድ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲያጣ «ይቅርታ፣ የጠየቁት አልተገኘም» የሚል ገጽ በ200 ኮድ ይልካል። ፕሮግራሙም ኮዱን አምኖ ይቀበላል፤ በገጹ ውስጥ ቁጥር ሲያጣ ዜሮ ይመዘግባል። ዜሮ ዲግሪ ሆኖ የተለካና ፈጽሞ ያልተለካ ሙቀት በአንድ ዓምድ ተቀላቀሉ፤ የወሩ አማካይም ወረደ። እኛም ጥፋቱን በመለኪያ መሣሪያው ላይ ጥለን ሁለት ሳምንት አባከንን። አሁን ፕሮግራሙ ከኮዱ በተጨማሪ የመጣው ፋይል በእርግጥ የቁጥር ሠንጠረዥ መሆኑን ይፈትሻል፤ ያልተገኘውንም ቀን ባዶ ይተወዋል።