የመቅደላን ቅርስ የሚዋጅ ገንዘብ

በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታ አቅራቢያ፣ መቅደላ አምባ ዙሪያዋን ገደል ከቧት ትገኛለች። ዓፄ ቴዎድሮስ በአምባው ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአድባራቱ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ፤ የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ያዘ፤ ግምጃ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘረፈ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በሳምንቱ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደና ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስ፣ ከገዢዎቹ ዋነኛው ነበር።

ያ ጨረታ የቅርሱን ዕጣ ለሁለት ከፈለው። ለብሪታንያ መንግሥት የተገዛው ወደ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ብቻ 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች አሉ። መኮንኖቹ የያዙት ደግሞ በየቤታቸው ቀርቶ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ስለታሰረ፣ ባለአደራዎቹ እንመልስ ቢሉ እንኳ በቀላሉ አይችሉም። በግለሰብ እጅ ያለው ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ነገ ይመለሳል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚገቡት በዚህ በር ነው።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ከመቅደላ የተወሰዱ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ነው ተባለ። የለንደኑ ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ሽያጩ ቆመ። ጸሐፊው ታሂር ሻህ የመሠረተው ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ዕቃዎቹን ገዛና፣ ሌሎችንም ጨምሮ፣ ጳጉሜን 3 ቀን ለኤምባሲው አስረከበ። ዘውድ፣ ጋሻ፣ በብር ያጌጡ ዋንጫዎች፣ የጸሎት መጽሐፍና መስቀሎች ነበሩበት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

የተዘረፈን ዕቃ በገንዘብ መግዛት ዘራፊን መካስ ነው የሚሉ አሉ። አገር የገዛ ንብረቷን ከግምጃ ቤቷ ከፍላ ትግዛ ቢባል እኔም እቃወማለሁ። ግን አንድ መስቀል ለሰብሳቢ ተሸጦ ዳግመኛ ከሚሰወር፣ በጎ ፈቃደኛ ዋጋውን ከፍሎ ቢያስመልሰው እመርጣለሁ። ያለ ክፍያ የሚመልስም አይታጣም፤ በኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘው የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ምንም ሳይጠየቅበት ወደ አገሩ ገብቷል።

ከመመለስ ቀጥሎ መጠገን አለ፤ ለወሎ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝም ይህ ነው። የመቅደላ ዕቃዎች አዲስ አበባ በደረሱበት ወቅት ደሴ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ሙዚየሟም ተዘረፈ። በየገዳሙ ዕቃ ቤት ያለውም ቢሆን ከጉዳት አላመለጠም። ብራና የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይዘጋጃል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በዚህ መሐል ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የጧፍ ጠብታና የዕጣን ጢስ ገጹን ያጠቁረዋል፤ አይጥ ጠርዙን ይበላዋል፤ ከእንጨት የተሠራው ገበታ ሲሰበር ጥራዙ ይፈታል። አባቶቻችን የተቀደደ ብራና በመርፌ መስፋት ያውቁበታል፤ ብዙ መጽሐፍ በእነዚያ ስፌቶች ቆሟል።

ጥሩ ጥገና ምን እንደሚመስል የታየው በትግራይ፣ በአባ ገሪማ ገዳም ነው። የገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደቡ ብራናዎች አሏቸው። ቀደም ሲል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጠጋኝ ነኝ ያለ እጅ በሸካራ ስፌት ጎድቷቸው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቅርስ ፈንድ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ሌስተር ኬፕን እና ማርክ ዊንስታንሊ የተባሉ የመጽሐፍ ጠጋኞችን ላከ። ወንጌሎቹ ከገዳሙ አልወጡም፤ ባለሙያዎቹ ናቸው ተራራውን የወጡት። መነኮሳቱ በዓይናቸው እያዩ፣ የቀድሞው ክፉ ስፌት ተፈትቶ፣ ቅጠሉ እንደገና እንዲገለጥ ሆኖ ተጠረዘ።

ይህ አሠራር ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት ላሉበት ለደቡብ ወሎ የተመቸ ነው። አማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በኦሪት ዘመን መሥዋዕት ከተሠዋባቸው አራት ቦታዎች አንዷ መሆኗ በትውፊት ይነገራል። በሐይቅ እስጢፋኖስም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ኖሯል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከጠባቂው ነጥቆ ለጥገና ወደ ሩቅ መውሰድ መቅደላን ለሚያስታውስ ሕዝብ የሚዋጥ አይደለም። በደቡብ ወሎ ለቦረናና ለሳይንት ዕቃ ቤቶች የሚረዳ ሰው ቢገኝ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የማያፈስ ጣሪያ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ማኅደር፣ ቢጠፋ የሚመሰክር ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብራና መፋቅና መጠረዝ ለሚያውቁት ለአገሩ ሰዎች የጥገና ሥልጠናና የወር ደመወዝ።